ጋስኬቱን ቀየርኩት፣ ዘይቱ ግን አልቆመም

በዚህ ዕትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስለ አውሮፕላን ሞተር ጋስኬት (ጓርኒሲዮን፣ በሁለት ክፍሎች መጋጠሚያ ገብቶ ዘይት ወይም ጋዝ እንዳይሾልክ የሚያሽገው) እና ስለ ዕቃ ፍለጋ ናቸው። የጻፉልኝ አውሮፕላናቸውን በገዛ እጃቸው የገጣጠሙ ወይም ሌላ ሰው የገጣጠመውን የገዙ ሰዎች ናቸው። አንዱ አንባቢ «የቤት ሥራ አውሮፕላን» ብሎ ጠራው። ሳቄ መጣ፣ ግን ልክ ነው። ተሠርቶ የማያልቅ የቤት ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ላይካሚንግ ኦ-320 ሞተር የተገጠመለት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አለኝ። ከበረራ ስመለስ ሆዱ ሁሌ በዘይት ተጨማልቆ ነው የማገኘው። የአራቱንም የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ቀየርኩ፣ አልቆመም። የዘይት መያዣውንም ጋስኬት ቀየርኩ፣ እሱ ደግሞ ሁለት ቅዳሜና እሁድ በላብኝ። አሁንም ያው ነው። የቀረኝ ሞተሩን አውርዶ መበተን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ቁልፉን አስቀምጥ። ሁለቱን ቅዳሜና እሁድህን የበላው ግምት ነው።

ሞተር ላይ ዘይት የሚታይበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል። በካውሊንጉ (በሞተሩ ሽፋን) ውስጥ የሚያልፈው ንፋስ ጠብታዋን ይዟት ወደ ኋላ ይሄዳል። ፊት ለፊት ከፕሮፔለሩ ጀርባ የወጣች ዘይት ኋላ ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጨው) ሥር ተንጠልጥላ ትገኝና፣ አንተ ምስኪኑን የማግኔቶ ጋስኬት ትከሳለህ። ስለዚህ ሞተሩን እጠበው። ማግኔቶዎቹን፣ አልተርኔተሩንና የአየር መግቢያውን በፕላስቲክ ሸፍን፣ እጠብ፣ አድርቅ፣ ፕላስቲኩን ማንሳት አትርሳ። ከዚያ ካውሊንጉን ሳትገጥም ጥቂት ደቂቃ ብቻ አስነሳው፤ ካውሊንግ የሌለው ሞተር በደንብ ስለማይቀዘቅዝ አታቆየው። አጥፋና ባትሪ ይዘህ ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ ፈልግ። ካልታየህ የጠረጠርከው ቦታ ላይ ነጭ ታልክ ዱቄት ነፋ አድርግና ድገመው። ዘይቱ ዱቄቱ ላይ መንገዱን ራሱ ይስልልሃል።

ሞተሩ ንጹሕ ሆኖ ሆዱ ብቻ ከቆሸሸ ደግሞ ነገሩ ከጋስኬት ጋር ምንም አያገናኘውም። የዘይት መያዣህ 8 ኳርት ይይዛል (አንዱ ኳርት ከሊትር ትንሽ ያንሳል)። እስከ 8 ከሞላኸው የላይኛዋን ኳርት ወይም ሁለት ኳርት በብሪዘር (መተንፈሻ) ቱቦው በኩል ሆዱ ላይ መትፋቱ የተለመደ ነው። 6 ላይ አቁመህ ጥቂት ጊዜ ብረርና እይ። እውነቴን ነው፣ በዚህች ብቻ የዳኑ «የሚያፈሱ» ሞተሮች ብዙ ናቸው።

ብሪዘሩን ካነሳሁ አይቀር ልናገር፤ ሰው የማያየው እሱን ነው። በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ሾልኮ ወደ ክራንክኬዝ (የሞተሩ ዋና ቅርፊት) የሚገባ ጋዝ ሁሌም አለ፣ መውጫው ያ ቱቦ ነው። ቱቦው ከተቆለመመ ወይም ውስጡ በቅባት ከጠበበ ግፊቱ ሁሉንም ጋስኬት ከውስጥ ይገፋል። አንዱን ስትደፍነው በሌላው ይወጣል፣ ልክ እንዳንተው። በብርድ ደግሞ ከቱቦው ጫፍ የሚወጣው እርጥበት በረዶ ሆኖ አፉን ይዘጋል፤ ያኔ ግፊቱ የፊቱን የክራንክ ሻፍት ኦይል ሲል (ፕሮፔለሩን በሚያዞረው ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያግደውን ቀለበት) ከቦታው ገፍቶ ያወጣውና ዘይቱ በአየር ላይ እያለህ መስታወትህን ይለብሰዋል። ብዙ ቱቦዎች ከጫፋቸው ከፍ ብሎ፣ ካውሊንጉ ውስጥ ሞቃት ቦታ ላይ፣ ትንሽ ቀዳዳ ያላቸው ለዚህ ነው። ጫፉ ቢዘጋ በሷ ይተነፍሳል። በእጅ በተሠራ አውሮፕላን ላይ ግን ቱቦውን የቆረጠው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ ቀዳዳዋ ልትረሳ ትችላለች። ያንተን እየው።

ብሪዘሩም ደህና ከሆነ ሲሊንደሩ አየር መያዝ አለመያዙን የሚያሳየውን የኮምፕሬሽን ልዩነት ፈተና አድርግ፣ በ80 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) አየር። ፕሮፔለሩን አጥብቆ የሚይዝልህ ሰው ይኑር፣ ያ አየር ፕሮፔለሩን በኃይል ሊያዞረው ይችላልና። በዘይት መሙያው በኩል ጎላ ያለ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ቀለበቶቹ ናቸው። ጋስኬት ብትደራርብበት ለውጥ የለውም። ይህን ሁሉ አልፎ አሁንም ከሲሊንደሮቹ ሥር የሚያዥ ከሆነ ወደ ፑሽሮድ (ቫልቭ የሚገፋው ዘንግ) ቱቦዎቹ ሲሎች ሂድ፤ እነሱ በሙቀት ብዛት እየደረቁ ይሰነጠቃሉ፣ ከቫልቭ ክዳኑ ጋር ስለሚጎራበቱም ጥፋታቸው በክዳኑ ይሳበባል።

ጥያቄ፦ የመኪና መካኒክ ነኝ፣ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ የገዛውን አውሮፕላን እያገዝኩት ነው። መኪና ላይ ሲልከን ቀብቼ የምዘጋውን ቦታ ሁሉ እዚህ ሰዎች «እንዳትነኪ» ይሉኛል። ምክንያቱን ግን የሚነግረኝ የለም። ጉራ ነው ወይስ እውነት?

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሹ ጉራ ነው፣ ግማሹ ሕይወት ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ላይካሚንግ ሁለቱን የክራንክኬዝ ግማሾች የሚያጋጥመው በወፍራም ጋስኬት አይደለም። ስስ የማሸጊያ ቅባት ይቀባና ላዩ ላይ ቀጭን የሐር ክር ያነጥፋል። አዎ፣ የሐር ክር። ሁለቱን ግማሾች አንቀው የያዙት ረጃጅም ብሎኖች ሲሊንደሮቹንም የያዙ ናቸው። በመካከል ሲልከን ከገባ ብረት ከብረት አይገናኝም። ዛሬ በትክክለኛው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ታጠብቂዋለሽ፣ ሞተሩ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ሲልከኑ እየተጨመቀ ያልቃል፣ ብሎኑ ይላላል። የላላ ብሎን ይሰበራል፣ ከዚያ ሲሊንደሩ ከቦታው ይነቃነቃል። መኪና መንገድ ዳር ይቆማል። የዚህኛው ነገር ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ትርፉ ነው። ወደ ውጭ የወጣውን ሲልከን ትጠርጊዋለሽ፣ ወደ ውስጥ የገባውን ማን ይጠርገው? አንድ ጊዜ የማውቀው ሰው የገዛው ሞተር የዘይት ግፊቱ እየወረደ አስቸግሮን የመምጠጫውን ወንፊት ስናወጣ ትል የመሰለ ቀይ ሲልከን ተጠምጥሞበት አገኘን። ውጭ በኩል ሞተሩ ጠብታ ዘይት አልነበረበትም፣ የሚያምር ሥራ ነበር። ውስጡን ግን አንቆት ነበር።

ኮምጣጤ የሚሸተው ሲልከን ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ብረት ያዝጋል። ነዳጅ የሚነካው ቦታ ላይ ደግሞ የትኛውንም ሲልከን አታድርጊ፣ ቤንዚን ያሳብጠውና ተቆራርጦ ካርቡሬተር ውስጥ ይገባል። የነዳጅ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ነጩን የቧንቧ ቴፕ መጠምጠምም እንዲሁ ነው፤ ክሩ ተበጣጥሶ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ነዳጅ የማያሟሟው የክር ቅባት አለ፣ እሱን ተጠቀሚ።

ሲልከን ጭራሽ የተከለከለ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የፋብሪካው መመሪያ ስሙን ጠቅሶ እዚህ ቦታ ቀቢ ካለሽ ትቀቢያለሽ። ተቀርጾ የመጣ የሲልከን ጎማ ጋስኬት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ለቫልቭ ክዳን ከቡሽ ይሻላል፣ ደጋግሞም ያገለግላል። ብቻ እንደ ቡሽ አጥብቀሽ አትጭመቂው። ሲጨመቅ ሾልኮ ይወጣል። ብዙ ክዳን ደግሞ ቀድሞ ብዙ ተጠብቆ የተጣመመ ነው፤ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጪውና ቢወዛወዝ አዲስ ጋስኬት አያድነውም።

ከመኪና ልማድሽ ሁለት ነገር ግን በሩ ላይ ተይልኝ። አንደኛ፣ አሮጌ ጋስኬት ለመፋቅ የሚሽከረከረውን ሻካራ ዲስክ አትጠቀሚ። ከዲስኩ የሚረግፈው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታ ይፈጃል፤ የመኪና ሞተር ፋብሪካዎችም ያስጠነቀቁበት ነገር ነው፣ ሰሚ አጣ እንጂ። የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መፋቂያ፣ ማለስለሻ ፈሳሽና ትዕግሥት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ቶርክ ስታነቢ አሃዱን ሁለት ጊዜ እይ። የአውሮፕላን መጽሐፍ ትናንሽ ብሎኖችን በኢንች-ፓውንድ ነው የሚጽፈው። 50 ኢንች-ፓውንድን በፉት-ፓውንድ ካጠበቅሽው አሥራ ሁለት እጥፍ ነው፣ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞት ይመጣል። በኒውተን ሜትር ከለመድሽ 1 ኒውተን ሜትር ወደ 8.85 ኢንች-ፓውንድ ነው።

ጥያቄ፦ የሚያስፈልገኝ ጋስኬት ጠፋ። ከወረቀቱ ጥቅል ራሴ ብቆርጥ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ቁሱ ለዘይት ወይም ለነዳጅ የተሠራ ይሁን፣ የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹን አንድም ሳታስቀር ብሳ። ክፍሉ ላይ ዘርግቶ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ቅርጽ ማውጣት የድሮ ሰዎች ዘዴ ነው፣ የአሉሚኒየሙን ጠርዝ ያበላሻል። ይልቅ ስቴንስል አውጣና በመቀስ ቁረጥ።

ጣጣው ውፍረቱ ላይ ነው። በክንድ የሚገፋ የነዳጅ ፓምፕ ሥር ያለው ጋስኬት ከወፈረ ፓምፑ ከክንዱ ይርቅና የሚገፋው ነዳጅ ይቀንሳል። ከሲሊንደር ሥር የሚገባ ከሆነ የኮምፕሬሽን መጠኑን ራሱን ትቀይረዋለህ። የዘይት ፓምፕ አካባቢ ያለው ደግሞ የማርሾቹን ክፍተት ሊነካ ይችላል። እነዚህን ሦስት ቦታዎች በእጅ አትቁረጥ፣ ጠብቀህ የፋብሪካውን ግዛ።

ጥያቄ፦ ሮታክስ 582 ሞተር ነው ያለኝ፣ ባለ ሁለት ምት። ዘይት ስለማያንጠባጥብ ጋስኬቶቹን ነክቼ አላውቅም። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ክራንክኬዙ አየርና ነዳጅ የሚያስተላልፍ ሳንባ ነው። ጋስኬቱ ወይም የክራንክ ሻፍት ሲሉ ሲደክም የሚሆነው ወደ ውስጥ አየር መሳብ ነው። ድብልቁ ይቀጥናል (ነዳጁ ያንሳል)፣ ፒስተኑ ይግላል፣ ከዚያ ነክሶ ይቆማል። ምንም ጠብታ ሳታይ። ምልክቱ ስራ ፈት ዙሩ ያለ ምክንያት ከፍ ሲል፣ ወይም የጭስ ማውጫው ሙቀት ከለመድከው ሲጨምር ነው። ቀዳዳዎቹን ደፍነህ በትንሽ ግፊት አየር ሙላውና መያዝ አለመያዙን እይ፣ የሳሙና አረፋም ቦታውን ያሳይሃል።

እግረ መንገዴን ለሮታክስ 912 ባለቤቶች፦ የጎማ ነገር ሁሉ፣ የነዳጅና የማቀዝቀዣ ቱቦ፣ የካርቡሬተር ማያያዣ ጎማና ዲያፍራም፣ በየ5 ዓመቱ ይቀየራል። ብትበርም ባትበርም። «40 ሰዓት ብቻ ነው የበረረው» ተብሎ የተሸጠላችሁ አውሮፕላን ጎማው 12 ዓመት ሞልቶት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ባለቤት ነኝ። የሠራው ሰው በሕይወት የለም፣ የተወልኝም ብዙ ወረቀት የለም። ዕቃ ልገዛ ስል ሻጩ «የምን ሞዴል ነው?» ይለኛል፣ መልስ የለኝም። ሌላው ደግሞ ሰርተፊኬት ያለው ዕቃ መግዛት ግዴታዬ ነው ወይ? ርካሹ በጣም ያጓጓል።

መልስ፦ የመጀመሪያውን ላስቀድም፣ ሆድ የሚያስብሰው እሱ ነውና። ፋብሪካ የሠራው አውሮፕላን የዕቃ ካታሎግ አለው። ያንተ ካታሎግ የሠራው ሰው ጭንቅላት ነበር። አሁን አንተ ልትጽፈው ነው።

ከሞተሩ ጠፍጣፋ ስም ሰሌዳ ጀምር። ሞዴሉን ከነቅጥያው፣ ሴሪያል ቁጥሩን ከነመጨረሻ ፊደሉ ገልብጥ። ፊደሏ ቀልድ አይደለችም። የላይካሚንግ ሴሪያል ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤ» ካለች ሲሊንደሩ ሰፊ መቀመጫ ያለው ነው ማለት ነው፣ ከሌለች ጠባቡ፤ የአንዱ ሲሊንደር ለሌላው አይገጥምም። ከዚያ ሰሌዳውን ራሱን ተጠራጠር። በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ላይ ከሦስት ሞተር የተለቃቀመ አንድ ሞተር ማግኘት ብርቅ አይደለም። ካርቡሬተሩ፣ ማግኔቶዎቹ፣ የነዳጅ ፓምፑ የየራሳቸው ሰሌዳ አላቸው፣ እነሱንም ጻፍ። የፍሬን ሸራው፣ የጎማው መጠን፣ ከየትኛው መኪና እንደመጣ ማንም የማያውቀው አልተርኔተር፣ ሁሉም ደብተር ላይ ይግባ። ፎቶ ጨምርበት። አንድ ዕቃ በፈታህ ቁጥር አንድ መስመር ከጻፍክ በዓመቱ ካታሎግ አለህ። የአሮጌውን ጋስኬት ቅርጽ ወረቀት ላይ በእርሳስ አዙረህ ማስቀረት ደግሞ የኔ ልማድ ነው፣ ስንት ጊዜ እንዳዳነኝ።

ስለ ሰርተፊኬቱ፦ ሕጉ እንደየአገሩ ነው። በአሜሪካ ሕግ አማተር የሠራው አውሮፕላን የጸደቀ ዕቃ ብቻ እንዲገጠምለት አይገደድም፤ ጥገናውንም ባለቤቱ መሥራት ይችላል። ዓመታዊውን ምርመራ ግን ፈርሞ የሚያሳልፈው ለዚያ አውሮፕላን የጥገና ፈቃድ የወሰደው ሠሪው ነው፣ ወይም ፈቃድ ያለው መካኒክ። ያ የሠሪው ፈቃድ ለገዢ አይተላለፍም፣ ስለዚህ አንተ መካኒክ ያስፈልግሃል። በእንግሊዝ ደግሞ የቀላል አውሮፕላኖች ማኅበር ተቆጣጣሪዎች አሉ፣ ሥራህን እነሱ ያዩታል። ከመግዛትህ በፊት ፈራሚህን ጠይቅ፣ ዕቃው ከተገጠመ በኋላ «አልፈርምም» ሲል መስማት ያማል።

ሕጉ አይጠይቅም ማለት ግን የብረቱ ባሕርይ አይጠይቅም ማለት አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. አንድ ኮንቬር 580 ከኦስሎ ወደ ሃምቡርግ ሲሄድ የዴንማርክ ባሕር ላይ ተሰባብሮ ወደቀ፤ 55 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ ጭራው ላይ ጥንካሬያቸው ከሚፈለገው በታች የሆነ የሐሰት ብሎኖችና ፒኖች አገኙ። መልካቸው እውነተኛውን ነበር የሚመስለው። ትክክለኛ የኤኤን (የአውሮፕላን ዕቃ መደበኛ ደረጃ) ብረት ብሎን ራሱ ላይ የመስቀል ወይም የኮከብ ምልክት አለው፣ ጥንካሬው 125,000 ፒኤስአይ ነው። ምልክቱን ግን አስመሳዩም መቅረጽ ስለሚችል የምትገዛበት ቦታ ነው ዋናው። የአየር ክፈፉን፣ መቆጣጠሪያውንና ፕሮፔለሩን የሚይዝ ብሎን በኪሎ ከሚሸጥ ቦታ አይገዛም።

ስለዚህ እኔ የማደርገው ይህ ነው። ቢሰበር በግድ የሚያሳርፈኝን ወይም የሚገለኝን ዕቃ ከነምስክር ወረቀቱ እገዛለሁ፦ የአሜሪካው 8130-3 ወይም የአውሮፓው ኢኤኤስኤ ፎርም 1። ዋናው ፋብሪካ ከተወደደብኝ ፒኤምኤ የሚባለውን እፈልጋለሁ፣ ሌላ ፋብሪካ በአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሠራው ነው፤ ለጋስኬትና ለሲል ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። የመቀመጫ ጨርቅ፣ የመብራት አምፖል፣ የበር ማጠፊያ ላይ ግን ገንዘቤን አልጥልም። አሮጌ ዕቃ ስትገዛ «የታደሰ»፣ «የሚሠራ» እና «ከሞተር የወረደ» ሦስት የተለያየ ነገር መሆኑን እወቅ። ሦስተኛው ምንም ዋስትና የለውም፣ ወርዷል ማለት ብቻ ነው። ለምን እንደወረደ ጠይቅ። ፕሮፔለሩ መሬት ከመታ ሞተር የመጣ ክራንክ ሻፍት በማግኔት ዘዴ ስንጥቁ ሳይመረመር በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ።

ኦ-ሪንግ ስትገዛ ከረጢቱ ላይ የተመረተበትን ሩብ ዓመት ፈልግ። ጎማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ኤታኖል ያለበት የመኪና ቤንዚን የምትጠቀም ከሆነም ለሻጩ ንገረው፣ አንዳንድ ጎማ አይችለውም።

ዕቃ ፈልጎ ማጣት ካበሳጨህ ደግሞ ብቻህን አይደለህም። ራይት ወንድማማቾችም ለሞተር ፋብሪካዎች ደብዳቤ ጽፈው የሚሆናቸውን አጥተዋል። መካኒካቸው ቻርሊ ቴይለር ነው በስድስት ሳምንት 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው ሞተር የሠራላቸው። አንተ ጋስኬት ነው የጠፋብህ።

ጥያቄ፦ የጭስ ማውጫ ጋስኬቱን አውልቄ መልሼ ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ ተው። አንዴ የተጨመቀ ነው። በዚያ ስንጥቅ የሚወጣው ጋዝ የሲሊንደሩን ፊት እየበላ ይሄዳል፣ ከዚያ የምትቀይረው ጋስኬት ብቻ አይሆንም። ጭሱ ወደ ክፍልህ ከገባ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የለውም። ነጭ ወይም ግራጫ የጥላሸት ጭረት መጋጠሚያው ላይ ካየህ እያፈሰሰ ነው። የመዳብ ሮንዴላ ከሆነ፣ የካንዴላ ወይም የዘይት መውጫ፣ አግሎ ማለስለስ ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል። እኔ ግን አዲስ እገዛለሁ፣ ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኋላውን የማግኔቶ ጋስኬት ቀይሬ ጨረስኩ። ነገ ልበር?

መልስ፦ ቆይ። ማግኔቶውን ስታወርድ የማጥፊያ ሽቦውን ፈተሃል። ያ ሽቦ ካልታሰረ ቁልፉ «ጠፍቷል» ቢልህም ማግኔቶው በርቷል። ፕሮፔለሩን በእጅህ ስትነካው ሊነሳ ይችላል። ሽቦው መታሰሩን በዓይንህ እይ፣ ስትሠራም ከየሲሊንደሩ አንድ ካንዴላ አውጥተህ ሥራ። ታይሚንጉን (እሳቱ የሚመታበትን ጊዜ) እንደገና ለካ። የተፈታ መቆለፊያ ሽቦ ሁሉ በአዲስ ይታሰር፤ በጣት እስከ መጨረሻ የሚዞር ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ደግሞ ወደ ቆሻሻ ይሂድ።

ከዚያ መሬት ላይ አስነሳው፣ ሁለቱንም ማግኔቶ ፈትን። ስታጠፋም የማጥፊያ ሽቦው መሥራቱን አረጋግጥ። ካውሊንጉን ፈተህ እይ። ደረቅ ከሆነ ገጥመህ፣ ሰው ሳትጭን፣ ከሜዳው ሳትርቅ ከፍታ ይዘህ ሃያ ደቂቃ ዙር። አርፈህ ካውሊንጉን እንደገና ፍታው። ያን ጊዜ የሚታይ ጠብታ ካለ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ከየት እንደመጣ ግን ቀድመህ ፈልግ።